ዴኩን ቪለን ልታደርገው ከሆነ

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዘመን ቢሆነንም በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ ጃፓኑ የሥዕል ታሪክ ስለ «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ጀግና «ዴኩን ቪለን (ክፉ ባለጋራ) አድርጌ ልጽፈው ነው» ያልከኝ ከሐሳቤ አልወጣም። ጀምረኸው ከሆነ ብዙ ሳትገፋበት፣ ካልጀመርከውም ብዕር ከማንሳትህ በፊት ይህን አንብብልኝ።

ከሁሉ በፊት ልቡን አትቀይርበት። እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጀግናውን ጥቁር ያለብሱታል፣ ዓይኑን ያቀሉታል፣ ያለ ምክንያት ያስቁታል፣ በሁለተኛው ገጽ ሰው ያስገድሉታል። አንባቢው ዴኩን ብሎ መጥቶ የዴኩን ፊት ያጠለቀ እንግዳ ሰው ያገኛል። የሚያስፈራው የወደድንለትን ጠባይ ሳይጥል የከፋ ጀግና ነው። የሌላውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ የ«አታክ ኦን ታይታን»ን ኤረን ተመልከት፤ እናቱ ዓይኑ እያየ ሰው በሚበላ ግዙፍ ፍጡር፣ በታይታን ስትበላ አንድም ሳላስቀር አጠፋቸዋለሁ ብሎ የማለ ሕፃን ነበር። መጨረሻ ላይ የሰውን ዘር 80 በመቶ በታይታኖች እግር ሲያስረግጥም የነዳው ያው መሐላ ነው። ደራሲው ኢሳያማ የልጁን ጠባይ አልነካም፤ የለወጠው ሰዎቹ ከተከለሉበት ግንብ ማዶ ያለውን ነው። አውሬ ብቻ አለበት የተባለው ዓለም ሰው ሞልቶበት ተገኘ።

ቀጥሎ አወራረዱን ደረጃ በደረጃ ሥራው። ለዚህ ከ«ዴዝ ኖት» የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ላይት ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር ያገኘ ተማሪ ነው፤ መጀመሪያ ስሙን የጻፈው ሰው ሕፃናትና መምህራን ያገተ ወንጀለኛ ነው። በ40 ሰከንድ ልቡ ቀጥ አለ፤ ማን ያለቅስለታል? ሁለተኛው መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግር ባለሞተር ነው። እዚህ ጋ ቅጣቱ ከጥፋቱ በለጠ፣ ግን ገና አልቀፈፈንም። ከዚያ ሊንድ ኤል ቴይለር በቴሌቪዥን ቀርቦ ሥራህ ክፋት ነው ሲለው፣ ላይት መርማሪ ነው ብሎ እያመነ ገደለው፤ ሰውዬው ሞት የተፈረደበት እስረኛ መሆኑን የሰማው ከገደለው በኋላ ነው። ከዚያ የሚከታተሉት የኤፍ ቢ አይ ሰዎች፣ ከዚያም እጮኛዋን ማን እንደገደለባት ልትደርስበት የተቃረበችው ናኦሚ ሚሶራ። እያንዳንዱ ግድያ ለሚቀጥለው ሰበብ ይሆናል። ታሪኩ ከናኦሚ ቢጀምር ኖሮ ማንም አይከተለውም ነበር። ደብተሩን አሳልፎ ሰጥቶ ትዝታው በጠፋ ጊዜ ደግሞ ያው ላይት ሲከታተለው ከነበረው መርማሪ ከኤል ጋር ሆኖ ኪራን፣ ማለትም ራሱ የነበረውን ገዳይ፣ ያሳድዳል፤ የምትወደውን የሚሳን ፍቅር ለምርመራው መጠቀሚያ ማድረግን እንኳ ይጸየፋል። የሚያመውም ይኸው መልካምነቱ ነው።

አሁን ወደ ዴኩ። መታጠፊያው «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ተቀምጦልሃል፣ ሩቅ አትሂድ። በአንድ ቀን የክፍል ጓደኛው ባኩጎ ዴኩ ስለ ጀግኖች የሚጽፍበትን 13ኛውን የማስታወሻ ደብተሩን በፍንዳታ አቃጥሎ በመስኮት ይወረውርበታል፣ ከጣሪያ ዝለል ይለዋል፤ ከዚያ የሚያደንቀው ታላቁ ጀግና ኦል ማይት ራሱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ኃይል ከሌለህ ጀግና መሆን አትችልም ይለዋል። ዴኩ ከዚያ ሲመለስ እግሩ ባኩጎ በጭቃ መሰል ቪለን ወደተያዘበት መንገድ ይወስደዋል። አንተ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይሂድ። ኦል ማይትን አትግደል፣ እናቱንም ክፉ አታድርጋት። ኢንኮ ኃይል እንደሌለው ሲታወቅ የ4 ዓመት ልጇን አቅፋ ይቅርታ እያለች አለቀሰች እንጂ አልበደለችውም፤ እሱ ግን መስማት የፈለገው ጀግና ትሆናለህ የሚለውን ነበር። ያ ያልተነገረው ቃል ይበቃሃል።

መሣሪያው ደብተሩ ይሁን። ስለዚያች መንገድ አስብ፤ ጭቃው ቪለን ባኩጎን ይዞ ሳለ ጀግኖቹ ቆመው ያያሉ። ማውንት ሌዲ በግዙፍነቷ ለመግባት ቢያንስ ሁለት የመኪና መስመር ያስፈልጋታል፣ ካሙይ ዉድስ እንጨት ስለሆነ ፍንዳታውን ይፈራል። እንዲህ ያለውን ነገር ከማንም በላይ መዝግቦ የያዘው ዴኩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋቱ ቡጢ አይሁን፤ አንዲት ገጽ ቀዶ ለሌላ ሰው ይስጥ። ገጹን የተቀበለው ሰው ጠባብ መንገድ ይመርጣል፣ ማውንት ሌዲ ትቀራለች፣ ማንም አይሞትም። ደም እስኪፈስ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ታገሥ።

የቪለኖቹ አለቃ ኦል ፎር ዋን ኲርክ (ልዩ ኃይል) እንዲሰጠው ግን በፍጹም አትፍቀድ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዴኩ ኃይል ከሌላቸው 20 በመቶ ሰዎች አንዱ ነው፤ ኃይል በሰጠኸው ቀን ቁስሉ ይደርቃል፣ የሚቀርህ ድብድብ ነው። ደግሞም ያ መንገድ ተይዟል። ትንሹ ቴንኮ ሺሙራ ቤተሰቡን አጥቶ ጎዳና ላይ ሲንከራተት አላፊ አግዳሚው እያየው አለፈ፣ እጁን የዘረጋለት ኦል ፎር ዋን ነበር፤ ቪለኑ ሺጋራኪም የሆነው እንዲያ ነው። ደራሲው ሆሪኮሺ ሁለቱን ልጆች እያስተያየ ነው ታሪኩን እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) ያደረሰው። ያንኑ መድገም ያንተን ዴኩ ያሳንሰዋል።

ባኩጎን መበቀልም ግቡ አይሁን፤ ባኩጎ የተሸነፈ ዕለት ታሪክህ ያልቃል። ዴኩ እኮ እየተገፋም ያደንቀው ነበር። የምታቆምለት ዓላማ ማዳን ይሁን፤ ሰው ጀግና እየጠበቀ እንዳይሞት ጀግኖች የሚባሉትን ከመንገድ ላነሣ ነው ብሎ ይመን፣ ከልቡ ይመን። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ ባቀደው ጥፋት መሐል የሚያለቅስ ልጅ ያግኝ፤ ሳያስብ እግሩ ይሩጥ፣ ልጁን ካወጣው በኋላ በዚያ መንገድ ማንም ጀግና እንዳይደርስ ያደረገችው የራሱ ገጽ መሆኗ ይግባው። የመጀመሪያውን ክፍል እዚያ ላይ ብታቆመው ደስ ይለኛል።

ያንን ስትጨርስ ሳታርመው ላክልኝ፣ እንዳለ ላንብበው። እማማን ሳምልኝ።

የምወድህ ጓደኛህ