የሚነቀለውና የማይነካው በስም ይጻፍልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው አዲስ አበባ ጫፍ፣ የካ አባዶ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የኮንዶሚኒየሙ ግቢና የመንገዱ ዳር ይመነጠራል። ዘንድሮም ሠራተኞች «አረሙን አጽዱ» ተብለው መጡ። አጥሩን ተደግፎ የነበረውን እንዶድ ከነሥሩ ነቀሉት። ቀጋውን ቆረጡት። ሊፈነዳ የደረሰውን አደይ አበባ አጨዱት። ከቦዩ ማዶ ያለው ፓርቴኒየም የተባለው አረም ግን ነጭ አበባውን አውጥቶ እንደቆመ ነው። በሠራተኞቹ አልፈርድም፤ የቱ እንደሚነቀል፣ የቱ እንደሚተው የነገራቸው የለም።

ፓርቴኒየም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ይቀሰቅሳል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመርራል። አንድ እግሩ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይረጫል። እንዶድ ደግሞ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚሞቱ ለዓለም ያሳወቁት ከዚያ ተነስተው ነው። ይህን ተክል ነው እንግዲህ ከቆሻሻ ጋር ጭነን የላክነው!

ሕጋችን ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የአበሻ ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በዚያው ዓመት አገራችን ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም ጉዳት የሚያደርሱ መጤ ዝርያዎችን መከላከልን ይጠይቃል። ነገር ግን የአዋጁ ዓይን ያረፈው ደን ላይ ነው። አጥር ሥር የበቀለ ቁጥቋጦን ማን ደን ይለዋል? ከተማው ወደ ዳር በሰፋ ቁጥር የሚመነጠረው ደግሞ ይኸው ቁጥቋጦ ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ ሚኒስትሩ አንድን ተክል በስሙ ጠርቶ ጎጂ አረም ብሎ ማወጅ ይችላል። ከታወጀ የመሬቱ ባለይዞታ የማጽዳት ግዴታ አለበት። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል፤ ስሙ ከተጻፈ ጭቅጭቅ የለም። እኛ ዘንድ ግን የሚነቀለው ብቻ ተጽፎ ቢቀር አይበቃኝም፤ የማይነካውም ይጻፍ።

ስለዚህ ለጽዳትና ለአረንጓዴ ልማት ሥራ በሚፈረም ውል ላይ ሁለቱም ዝርዝሮች ይያያዙ። ፎቶ ይኑራቸው፤ ስሙም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ቢያግዙ ሥራው ከባድ አይሆንም። እስከዚያው የሰፈር ኮሚቴዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነውና ዘሩን ሳይጥል አታሳጭዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የየካ አባዶ ነዋሪ