ማሙሽን ዝም በል አትበይው

ሚሚዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው።

የትናንቱ ወሬሽ እንቅልፍ ነሳኝ። መምህርቷ «ሥራ ሲሠራ ለብቻው ያወራል» አለች ብለሽ ሐኪም ቤት ልትወስጂው? የአምስት ዓመት ልጅ? በስልክ እንዳልቆጣሽ ባልሽ አጠገብሽ ነበር። ስሚኝ፣ ዝም በል አትበይው።

ለፋሲካ እናንተ ጋ ሳለሁ አይቼዋለሁ። ጫማውን ሲያስር «ይሄ በዚህ… አይ፣ በዚያ… ቆይ ቆይ» ይላል። ክሩ ሲገባለት ዝም አለ። ሲቀለው አያወራም፤ ሲከብደው ነው። ራሱን በአፉ እየመራ ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ቪጎትስኪ ስለሚባል የሶቪየት የሥነ ልቦና ሊቅ ተምረናል። በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቀጨ ሰው ነው። እሱ እንደጻፈው፣ አንድ ሕፃን ትራም (የከተማ ባቡር) ሲስል እርሳሱ ተሰበረበት። ለራሱ «ተሰበረ» አለና በውኃ ቀለም የተሰበረ ትራም ሣለ! ቃሉ ሥራውን መራው ማለት ነው። ልጅ ሲያድግ ይሄ ወሬ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ኋላ ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳብ ይሆናል።

ይህን ፈተና ላይ ጽፌ አልፌያለሁ። ቤቴ ስገባ ረሳሁት።

ወንድምሽ እስከ ዛሬ ሒሳብ እንደሚፈራ ታውቂያለሽ። አንደኛ ክፍል ሳለ እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ እሱ ጣቱን እያጠፈ «ከ12 ላይ 5… 11፣ 10…» ይላል። «በሆድህ ቁጠር!» ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለ። እርሳሱም አብሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሲሳሳት «አንተ ደደብ፣ መቼም አይገባህም» ሲል ሰማሁት። ለራሱ ነው የሚለው። በእኔው ቃል፣ በእኔው ድምፅ። አንቺ ያኔ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ።

ልጆች ሲከብዳቸው ለራሳቸው የሚሉትን ከእኛ አፍ ነው የሚለቅሙት። «እስቲ እንደገና» በይው፤ እሱም ለራሱ ይለዋል። ሲሳካለት «ጎበዝ» ብለሽ አትለፊው፤ «እንዴት አድርገህ አሰርከው?» ብለሽ ጠይቂው። ደግሞ ያንን የሚጣበቅ ጫማ ተዪና ባለ ክር ግዢለት።

መምህርቷን እንዳትቆጪያት። ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ምን ታድርግ? እኔም «ጸጥታ!» ስል ነው ጡረታ የወጣሁት። አንቺ ብቻ ቤት ውስጥ ዝም በል አትበይው።

በርበሬው ቅዳሜ ይደርስሻል፤ እርጥበት ስላለው አስጪው።

ለወንድምሽም ልጽፍለት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሲደውል የምናወራው ስለ ጉልበቴ ነው።

እናትሽ