አረፋው የኔ ፈጠራ አይደለም

የኔ ልጅ እንዴት ነሽ፣ ትናንት ማታ የላክሽልኝን የማመልከቻ ጽሁፍ ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽም አነበበችው፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንዞር ነው ያደግኩት ያልሽው ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ። እውነትሽን ነው፣ ጓደኛ በለመድሽ ቁጥር ዕቃ ጠቅልለን እናነሳሽ ነበር፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ግን "አባቴ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ህፃናት መተንፈሻ ፈጠረ" የሚለውን አውጪልኝ።

ሲፓፕን፣ ማለት ሳንባው እንዳይዘጋ ያለማቋረጥ በአየር ግፊት ከፍቶ የሚይዘውን መተንፈሻ፣ ለጨቅላ ህፃናት ያመጡት ሳንፍራንሲስኮ የነበረው ዶክተር ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ናቸው፣ በ1971 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት ከ20 ህፃናት 16ቱ ተርፈዋል። ከዛ በፊት እኮ በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ እንኳን ያለጊዜው በመወለድ በሚመጣው በዚሁ የሳንባ ችግር ሁለት ቀን ሳይሞላው ነው የሞተው፣ የፕሬዚዳንት ልጅ ሆኖ!

እኛ ያደረግነው ማሽኑ በሌለበት ቦታ በእጃችን ባለው ዕቃ መገጣጠም ነው። የኦክስጅኑን የአፍንጫ ቱቦ አንዱን ክንድ ቆረጥንና ጫፉን ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርነው በቃ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሳንባው ውስጥ ሰርፋክታንት የሚባለው ነገር ገና ስላልበቃው አየር ባስወጣ ቁጥር የአየር ከረጢቶቹ ይጣበቁበታል፣ እንደገና ለመክፈት ሲታገል ነው ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚለው፣ ጫፉ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ያቺ ግፊት ከረጢቶቹን ከፍታ ትይዝለታለች። አንቺ የምታስታውሺው ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን ሴንቲሜትሩን ያሰመርነው ደሞ በአንቺ ማስመሪያ ነው፣ ከቦርሳሽ ወስደነው ጠዋት የቤት ስራ አለብኝ ብለሽ ስታለቅሺ ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያዋ ህፃን 1200 ግራም ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ እኔና እናትሽ ተራ ገባን፣ አረፋው ከቆመ ወይ ቱቦው ከአፍንጫዋ ወጥቷል ወይ አፏን ከፍታለች ማለት ነው፣ እየተነሱ ማስተካከል ነው። ወደ ንጋት ላይ ደረቷ መሰርጎዱን ሲቀንስ እናትሽ እጄን ጨበጠችኝ፣ ምንም አላወራንም። እሷ ተረፈች፣ ከሷ በኋላ የመጣው ወንድ ልጅ ግን አልተረፈም፣ እሱንም አልረሳውም።

ሌላም አለ፣ እንደ ጀብድ አትፃፊው። ኦክስጅኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ ያኔ አልነበረንም፣ ንፁህ ኦክስጅን ሲበዛ ደግሞ የነዚህን ልጆች አይን ይጎዳል፣ ሬቲናቸውን። ይሄን እያወቅን ነው የሰጠነው ምክንያቱም ሌላው ምርጫ ሞት ነበር። አንቺ ሐኪም ስትሆኚ መቀላቀያው በሌለበት እንዳትገቢበት አልልሽም፣ ግን የአይን ምርመራ ሳይደረግለት ልጁን ወደ ቤት እንዳትሰጂው።

እና "ፈጠረ" የሚለውን "ገጣጠሙ" በይው፣ ቱቦው እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ኮፍያ በእጇ የሰፋችው እናትሽ ስለሆነች እሷንም አስገቢያት። ዴድላይኑ አርብ ነው ብለሻል፣ አስተካክለሽ ላኪልኝና ልየው እሺ የኔ ቆንጆ።

አባትሽ