የሚያስፈልገው ሰርቪስ ከሚጨመረው ይለይልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ መለዋወጫ ዋጋ መናር በየጊዜው የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ ይሁንና ከባለንብረቱ ኪስ ከዚያ የማያንስ ገንዘብ የሚወጣበት፣ ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም የጭነት መኪና የሸጡልን ወኪል ድርጅቶች፣ መኪናው ለሰርቪስ በገባ ቁጥር «ይህ ይቀየር፣ ያ ይታጠብ» እያሉ የሚያቀርቡልን ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው የግድ እንደሆነ፣ የትኛው ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛውስ ጭራሽ እንደማያስፈልግ የሚነግረን ስለሌለ አንዳንዱ ባለንብረት የተባለውን ሁሉ ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉም ብር ለመብላት ነው» ብሎ ዘይት ብቻ አስቀይሮ ይወጣል። በእኔ እምነት ሁለቱም ይጎዳሉ፤ የባሰ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የሚያጣው ገንዘብ ሲሆን የሁለተኛው ኪሳራ ሞተር፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት ነውና።

ለመለየት የሚረዳን ሰነድ በእጃችን አለ። አምራቹ ከመኪናው ጋር በሚሰጠው ማኑዋል ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ በስንት ኪሎ ሜትር ወይም በስንት ወር እንደሚሠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይወሰዳል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አብዛኞቹ አምራቾች ለመደበኛ አሠራር አንድ፣ ለከባድ አሠራር ደግሞ ሌላ የጊዜ ገደብ ማስቀመጣቸውን ነው። ከባድ አሠራር የሚባለው አቧራማ መንገድ፣ ብርቱ ሙቀት፣ ተራራማ አገር፣ ሙሉ ጭነት፣ እንዲሁም ሞተር ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ መቆም ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በድንበር ከተማዋ በደወሌ የሚገባ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ይወጣል፤ ወደ ሐረር የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይያያዘዋል። ሙቀቱን የዚህ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። በድንበርና በኬላ ሰልፍ ሞተር እየሠራ የሚቆመውም ሰዓት ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ አይመዘገብም። ስለዚህ እኛ የምንመለከተው ዓምድ የከባድ አሠራሩን መሆን ሲገባው፣ የሚቀርብልን ዝርዝር ብዙ ጊዜ በመደበኛው ዓምድ ላይ ተመሥርቶ በማኑዋሉ ውስጥ የሌሉ ተጨማሪ ሥራዎች የታከሉበት ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ በኩል የሚያስፈልገው ይዘገያል፣ በሌላ በኩል የማያስፈልገው ይጨመራል።

በቅርቡ አንድ ወኪል ጋራዥ ለአንድ ከባድ መኪናዬ የሰጠኝን ፕሮፎርማ (ከሥራው በፊት የሚሰጥ የዋጋ ዝርዝር) ለአብነት ላንሳ። መኪናው ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሠራ ነው። በወረቀቱ ላይ ግን «የፍሬን ዘይት ለውጥ» የሚል መስመር ከነዋጋው ሰፍሯል። የፍሪሲዮኑን ዘይት ማለታቸው ይሆናል እንዳልል እርሱ ከታች ለብቻው ተጽፏል። የእንግዳ ተቀባዩን ወጣት ይህ ዘይት የት እንደሚጨመር እንዲያሳየኝ ስጠይቀው «ኮምፒውተሩ ነው የሚያወጣው፣ ጋሼ» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም። ነገር ግን ለአነስተኛ መኪና የተዘጋጀ ዝርዝር ለከባድ መኪናም ሳይነካ የሚታተም ከሆነ፣ መኪናውን አይቶ የወሰነ ባለሙያ አለመኖሩን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል።

ለክርክር የማይቀርበውን ላስቀድም። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በከባድ አሠራሩ ዓምድ መሠረት፣ ማኑዋሉ በሚጠይቀው ደረጃ መቀየር አለባቸው። ከጀሪካኑ ላይ 15 ደብሊው 40 የሚለውን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ይህ የውፍረቱ መለኪያ ነው፤ ለዲዝል ሞተር ብቁ መሆኑን የሚያሳየው እንደ ሲአይ 4 ያለው ሌላው ምልክት ነው። «ዘይቱ ጠቁሯልና ይቀየር» የሚለው ግን ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ የሚጠቁረው ጥላሸቱን በውስጡ ይዞ ስለሚያቆይ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም ነዳጅ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ ግን መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። ዘይቱ በወቅቱ ለሚቀየርለት ሞተር «የሞተር እጥበት» የሚባለው ፈሳሽ አያስፈልገውም፤ በጥሩ ዘይት ውስጥ ማጽጃው አብሮ አለ። ለዓመታት ችላ ተብሎ ዝቃጭ ለያዘ ሞተር ደግሞ የተፈነቀለው ዝቃጭ የዘይት መሳቢያውን ሊደፍን ስለሚችል ይብስ አደገኛ ይሆናል።

የአየር ፊልትሮ በእኛ መስመር ትልቁ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ስህተትም የሚሠራበት እርሱ ነው። ሹፌሮቻችን በየማረፊያው ፊልትሮውን አውጥተው ከጎማ ጋር ሲያጋጩት፣ ከዚያም ጎሚስታው ዘንድ በአየር ሲያስነፉት ማየት የተለመደ ነው። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካወጣ፣ ወይም የጎማ ማሸጊያው ከንፈር ከተጣመመ፣ አቧራው ከዚያ በኋላ ወደ ሞተር የሚገባው ሳይጣራ ነው። ይህ እንደ አሸዋ ወረቀት ሲሊንደሩንና ቀለበቶቹን ይፍቃል። ጥቂት አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን ብናኝ በተሻለ ያጣራል፤ የሚቀየረውም አየር ማሳለፍ ሲያቅተው ነው። ብዙዎቹ ከባድ መኪናዎች ይህንን የሚያሳይ ጠቋሚ በቱቦው ላይ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ ስላላቸው ቀይ እስኪያሳይ መጠበቅ ይቻላል። ይህንን ያልኩት ወኪሎቹ «በየሰርቪሱ ይቀየር» ሲሉ ሁልጊዜ ተሳስተዋል ለማለት አይደለም፤ በደወሌ መስመር በአቧራ ወራት አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ። ግን ጠቋሚውን ሳያዩ ነው የሚሉት። ከፊልትሮው እስከ ሞተር ያለውን የጎማ ቱቦና ማሰሪያውን ደግሞ ማንም አይፈትሽም፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ምንም ዓይነት አዲስ ፊልትሮ ቢገባ ዋጋ የለውም።

«የኢንጄክተር እጥበት» በየሰርቪሱ መጻፉ ከሁሉ ይገርመኛል። መኪናው ያለ ችግር እየተነሳ፣ ጥቁር ጭስ ሳያወጣ፣ ቆሞ ሲሠራ ሳይንቀጠቀጥ፣ የነዳጅ ፍጆታውም ሳይጨምር ኢንጄክተሩን መፍታት ጤነኛን ሰው ቀዶ ሕክምና ማስገባት ነው። ኢንጄክተርን የሚያድነው የነዳጅ ፊልትሮና የውሃ መለያው ነው። ነዳጅ ከማደያ ሲጠፋ ሹፌር ከመንገድ ዳር በጀሪካን መግዛቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከመለያው ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ አድርጎ ጥቂቱን በብርጭቆ መቀበል ይገባል። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ይህ ሥራ ረዳቱ የሚሠራው፣ ምንም የማይከፈልበት ነው፤ ምናልባት ከፕሮፎርማው ላይ የሚቀረውም ለዚሁ ይሆናል።

የራዲያተር ፈሳሽን (ኩላንትን) በተመለከተ ወኪሎቹ ትክክል ናቸው፤ የምንሳሳተው እኛ ነን። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይነግረናል። ያው ውሃ በየቀኑ ራዲያተር ውስጥ ሲጨመር ቅርፊቱ በሞተሩ የውሃ መስመሮች ውስጥ ይጋገራል፤ ሙቀት መውጫ ያጣል፤ መጨረሻው የቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) መጣመም ነው። ከዚህም በላይ በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ፈሳሹ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ አድርገው ይህንን ክፍተት የሚሞሉት ትክክለኛው ድብልቅ ኩላንትና ግፊት የሚይዝ ጤናማ የራዲያተር ክዳን ናቸው። ኩላንት በማኑዋሉ ጊዜ ይቀየር፤ ክዳኑ ይፈተሽ። በአገራችን «ብርድ የለ፣ ኩላንት ለምን?» የሚለው አባባል ብዙ ሞተር ጨርሷል፤ ኩላንት ከዝገትም ይከላከላልና።

ፍሬን ላይ ቁጠባ የለም። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ጭኖ የሚወርድ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም። እንደ ብዙዎቹ አነስተኛ ኢሱዙዎች በዘይት ፍሬን የሚሠሩት መኪናዎች የፍሬን ዘይታቸው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል እንጂ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ለእነዚህ መኪናዎች በሁለት ዓመት አካባቢ ዘይቱ ይቀየር የሚለው ምክር ትርፍ ለማግኘት ብቻ የሚባል አይደለም። በአየር ፍሬን ለሚሠሩት ደግሞ የሚያስፈልገው የአየር ታንኮችን ውሃ በየዕለቱ ማንጠፍ፣ የአየር ማድረቂያውን ፊልትሮ በጊዜው መቀየር፣ የፍሬን ሸራውን ውፍረትና አስተካካዩን መፈተሽ ነው። ታምቡሩ ሳይወልቅ «ሸራው አልቋል» የሚል ሰው ምን አይቶ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ሸራው እያለቀ ሳለ «ይህን ጉዞ ያድርሰን» የሚል ባለንብረት ደግሞ ከሚያጭበረብረው ጋራዥ አይሻልም።

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል ዘይት በረጅም ርቀት የሚቀየር ስለሆነ ከመካከል ደረጃውንና ማፍሰሱን ማየት ይበቃል። የጎማ አላይመንት ጎማው በአንድ ጎን ሲበላ ወይም የመሪ አካል ሲቀየር ይሠራል። በነዳጅ ውስጥ የሚጨመሩትን መድኃኒቶች ማኑዋሉ ካልጠየቀ እንተዋቸው። በተቃራኒው የቫልቭ ክፍተት ማስተካከልና ክሩቼራን (የማስተላለፊያ ዘንጉን መገጣጠሚያ)፣ የባሌስትራ ፒኖችንና የመሪ መገጣጠሚያዎችን ግራሶ ማድረግ በማኑዋሉ ውስጥ በግልጽ ሰፍረው ሳለ ብዙ ጊዜ ከወኪሉ ዝርዝር አጣቸዋለሁ። ግራሶው ርካሽ ነው፤ ትርፍ የለውም።

የወኪል ጋራዥን ጥቅም መካድ አልፈልግም። ኦሪጅናል ዕቃና የምርመራ መሣሪያ አለው፤ በዋስትና ጊዜ ደግሞ መደበኛውን ሰርቪስ በደብተሩ ላይ በተጻፈው መሠረት እዚያው አሠርቶ ማኅተም ማስመታት ብልህነት ነው። ነገር ግን በዋስትና ደብተሩ ያልተጻፈ ተጨማሪ ሥራ ዋስትናን ለማስጠበቅ ግዴታ ነው ከተባልን፣ የተጻፈበት ገጽ ይታየን። ከዋስትና በኋላስ ቢሆን፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ቀራጭና መካኒክ ሲያፈራ በኖረ ከተማ፣ ማኑዋሉን እያነበበ የሚሠራ የታወቀ ባለሙያ አይጠፋም።

ሕጉ ምን ይላል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ስለሆነ፣ መኪናውን ለሥራ የገዛ የጭነት መኪና ባለንብረት በእርሱ ብቻ ሊመካ አይችልም። ጥበቃችን የምንጠይቀው ጥያቄና የምንይዘው ወረቀት ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተፈረመ ዝርዝር፣ ካለቀ በኋላ ደረሰኝ፣ የተቀየረውም አሮጌ ዕቃ በእጅ።

ከዚህ በመነሳት ለወኪል ድርጅቶቹ ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በፕሮፎርማው ላይ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ምክንያቱ ይጻፍ፤ በማኑዋሉ ጊዜው ደርሶ ከሆነ ኪሎ ሜትሩና ገጹ፣ በፍተሻ ተገኝቶ ከሆነ የታየው ጉድለትና ያየው መካኒክ ስም። ሁለተኛ፣ የከባድ አሠራሩ የጥገና ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ታትሞ መኪናው ኪስ ውስጥ እንደታሸገ ከሚቀር፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተተርጉሞ ከመኪናው ጋር ይሰጠን። አንድ ገጽ ነው። የባለንብረት ማኅበራትም ድርጅቶቹ እስኪያዘጋጁት ሳይጠብቁ ለአባሎቻቸው በብዛት ለሚይዟቸው መኪናዎች ሊያስተረጉሙትና ጋቢና ውስጥ ሊያስለጥፉት ይችላሉ፤ ዘይቱ የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር ከባለንብረቱ ይልቅ ቀድሞ የሚያየው ሹፌሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጭነት መኪና ባለንብረት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ