ስድስተኛው ስም ላይ ጠፋብኝ

ሚሚዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ «እንደምን ከረምሽ» ማለቱ ራሱ ያሳፍራል። የእማማን ማረፍ የሰማሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ነገ ነገ ስል ወር ሆነ፣ ከዚያማ በምን አፌ? ሰበብ አልደረድርልሽም። ይቅር በይኝ።

አሁን ብዕር ያስያዘኝ ነገር ያስቅሻል። የባሌን ዘር ቆጠራ ይዤልሻለሁ!

ልንጋባ ስንል አባቴ በስልክ «ልጁ እስኪ ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ» ያለውን ታስታውሻለሽ? ፈረንጁ አያቱ ላይ ቆመ። አባቴም «ምነው፣ ከሰማይ ነው የወረደው?» አለ። አምና የባሌ አባት ጡረታ ወጣና ዘሩን ማወቅ አማረው። መኪና መንዳት ስለተወ ሹፌሩ እኔ ሆንኩ። ዘራቸው የደርቢሻየር ገበሬ ነው። መዝገቡ ያለው ማትሎክ ነው፣ ከእኛ ከሼፊልድ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ሹፌር ነበርኩ፣ አሁን ግን ከእነሱ ብሼ አርፌዋለሁ።

እዚህ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የተቀበረውን እንዲጽፍ የታዘዘው በፈረንጅ 1538 ነው። ያዘዘው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛው ሹም ቶማስ ክሮምዌል ነው። አስቢው፣ አፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ ፊት ሲሸሹ እዚህ አንድ የገጠር ቄስ ቁጭ ብሎ የእረኛ ልጅ ጥምቀት ይመዘግባል። ሁሉም አልተረፈም እርግጥ። በ1640ዎቹ፣ እርስ በርስ ሲዋጉ፣ ብዙ ቦታ መዝገቡ ባዶ ነው።

ስሙ ግን ያሳብዳል። ዮሐንስ፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ እንደገና ዮሐንስ። አራት ወር ሙሉ አንዱን ዊልያም ተከትለን፣ ሚስት አግኝተንለት፣ ልጆች ቆጥረንለት፣ አንድ ቀን የቀብሩን መዝገብ ብገልጥ በሦስት ሳምንቱ ሞቷል። ልጅ ሲሞትባቸው ስሙን ለሚቀጥለው ይሰጡታል። የኛ ሰውዬ ሁለተኛው ዊልያም ነበር። የባሌ አባት መነጽሩን አውልቆ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ለማላውቀው ሕፃን አለቀስኩ።

አንድ ቦታ ግን አኮራኋቸው። ባልና ሚስቱ የተጋቡት ግንቦት 1720፣ ልጃቸው የተጠመቀው የካቲት 1720 ይላል። አባትና ልጅ «ከጋብቻ በፊት ነው የወለዱት» ብለው ይስቃሉ። እኔ ሁለት ዘመን ተሸክሜ የምኖር ሰው ነኝ፣ ጠረጠርኩ። ለካ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው በጥር ሳይሆን በማርች 25 ነው፣ የእኛው መጋቢት 29፣ ጌታ የተፀነሰበት ዕለት። ስለዚህ የካቲቱ ከግንቦቱ በኋላ የመጣው ነው። ዘጠኝ ወር ልክ! እስከ 1752 ድረስ እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ካላንደራቸውን ሲያስተካክሉ ከሴፕቴምበር 2 ወደ 14 ዘለሉ። እኛን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀራችሁ ሲሉን!

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እማማ ብትሰማው ትስቅ ነበር። የበግ ሱፍ ገበያ እንዳይወድቅ ብለው፣ ሬሳ በሱፍ እንጂ በሌላ ጨርቅ እንዳይገነዝ በሕግ አዘው ነበር። ቅጣቱ 5 ፓውንድ። መግነዝ እንኳ ነጋዴ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሃ ሰው ከጥምቀትና ከቀብሩ በቀር ወረቀት ላይ የሚገኘው ሲያባርሩት ነው። ድሃን የሚረዳው አጥቢያው ስለነበር እያንዳንዱ አጥቢያ «የኛ ሰው አይደለህም» ይላል። በተለይ ነፍሰ ጡር ስትሆን የልጇ ቀለብ እንዳይወድቅባቸው ቶሎ ወደመጣችበት ይሸኟታል። ከባሌ ቅድመ አያቶች አንዷ እንዲህ ሁለት ዳኞች ፊት ቀርባ ተጠይቃለች። የት ተወለድሽ፣ ማን ቤት አገለገልሽ፣ ስንት ጊዜ? አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት ራሱ እጄ ላይ መጣ። ከታች ፊርማዋ አለ። ኤክስ ነው። አንዱ እግሩ ረዝሟል፣ ጫፉ ላይ ቀለም ተንጠባጥቧል።

ያኔ እማማ ትዝ አለችኝ። እድር ስንወስዳት፣ ያ ሐምራዊ ቀለም ያለበትን አውራ ጣቷን በነጠላዋ ደብቃ ስትመለስ። ወረቀቱን መለስኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ነው።

ማታ የራሴን ልቁጠር ብዬ ጀመርኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ እያልኩ አምስት ደረስኩ። ስድስተኛው ጠፋብኝ። አባቴ የለ፣ ማንን ልጠይቅ? የቀረችው አክስቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስልክ ላይ አትሰማኝም። ከአንቺ ቤት ሦስተኛው በር ናት።

እባክሽ እሑድ ቡና ይዘሽ ሂጂልኝ። ለቡናውም ለስኳሩም ልኬያለሁ። ስልክሽን ክፈቺና ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፣ ስትቀርጫት ካወቀች ስለ ኑሮ ውድነት ነው የምታወራው። ስድስተኛውን ትንገርሽ። የሴቶቹንም ጠይቂልኝ። የእዚህ መዝገብ ብዙ ጊዜ «የእገሌ ሚስት ተቀበረች» ብሎ ያልፋል፣ እኛም ስንቆጥር አባት በአባት ነው። የአባቴ እናት እናት ማን ትባል ነበር? የክርስትና ስሟንም ካስታወሰች ጻፊልኝ።

ደግሞ የእማማን ሙት ዓመት ቀን ንገሪኝ። ዘንድሮ እመጣለሁ።

ያንቺዋ