ቤት ሳያልቅ ለሚከፈል ገንዘብ ዋስትና ይኑር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ጣሊያን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ኡምብሪያ ገጠር ውስጥ አዲስ የተሠራ ቤት ገዝታለች። ዙሪያው የወይራ ዛፍ ነው፣ ያምራል። እኔን የገረመኝ ግን የገዛችበት መንገድ ነው።

እዚያ በ2005 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ሕግ አለ። ገንቢው ቤቱ ሳያልቅ ገንዘብ ከተቀበለ፣ ለተቀበለው በሙሉ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና ለገዢው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቢከስር እንኳ የገዢው ብር አብሮ አይሰምጥም። ስሙ ሲዛወር ደግሞ ለከባድ የግንባታ ጉድለት የ10 ዓመት ኢንሹራንስ ያስረክባል። ከ2019 ወዲህ ፈቃድ ለተጠየቀባቸው ቤቶች የመጀመሪያው ውል ራሱ ኖታዮ (ውል የሚያረጋግጥ የሕግ ባለሙያ) ዘንድ መፈረም አለበት፤ ኖታዮው ቤቱ በዕዳ መያዝ አለመያዙን ያጣራል።

ወደኛ ልመለስ። ጠባሴ አካባቢ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ ከብቶቻቸውን ሸጠው ለቤት ቅድሚያ ከፍለዋል። እስካሁን የቆመው መሠረቱ ብቻ ነው፣ ብረቱም ዝጓል። በእጃቸው ያለው በፌስታል የጠቀለሉት ደረሰኝ ነው፣ ማኅተሙ እንኳ ደብዝዟል። ሲደውሉ «ትንሽ ይታገሡ እማማ» ይሏቸዋል። በጣም ያናድዳል! የዕድሜ ልክ ጥሪት እኮ ነው።

እባካችሁ የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ አንድ ነገር አስጽፉልን፦ ሰው ቅድሚያ ከመክፈሉ በፊት ምን ዓይነት ዋስትና ይጠይቅ? ውሉንስ የት ያስመዝግብ?

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን