ከታንክ ሞዴል የተሠራችው የጠፈር መርከብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የማይገቡት የኮምፒውተር ቅንብር የሚያሠራ ገንዘብ ስለሌላቸው ነው የሚል ሐሳብ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ደጋግሞ ይነበባል። ገንዘብ ማጠሩ አይካድም። ሌላ ምክንያት የሌለ ተደርጎ ሲጻፍ ግን ወጣቱ ገና ካሜራ ሳያነሳ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ኮምፒውተር በፊልም ቅንብር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተሠራ፣ እዚህ አዳማም ሆነ ሌላ ቦታ ብዙ የማይነሳ አንድ ፊልም ላስታውስ። «ሳይለንት ረኒንግ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዕይታ የበቃ የ89 ደቂቃ የአሜሪካ ፊልም ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ምድር ላይ ደን ጠፍቷል። የተረፉት ዕፅዋት በትላልቅ ጉልላቶች ውስጥ ሆነው፣ በጠፈር መርከቦች ተጭነው ሳተርን አካባቢ ይጠበቃሉ። አንድ ቀን ጉልላቶቹ እንዲፈነዱና መርከቦቹ ወደ ንግድ ሥራ እንዲመለሱ ትእዛዝ ይመጣል። ብሩስ ደርን የሚጫወተው የዕፅዋት ባለሙያ፣ ፍሪማን ሎዌል፣ አሻፈረኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ላላዩት እተወዋለሁ።

ዳይሬክተሩ ዳግላስ ትረምቡል ከዚያ በፊት ሙሉ ፊልም መርቶ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001» የተሰኘ የጠፈር ፊልም ላይ ግን የልዩ ቅንብር ባለሙያ ነበር። ያ ፊልም ጉዞውን መጀመሪያ ወደ ሳተርን አስቦት ነበር፤ ቀለበቶቹን አሳማኝ አድርጎ መሥራት ስላልተቻለ ወደ ጁፒተር ተዛወረ። ትረምቡል ያን የተተወ ሥራ ይዞ መጥቶ እዚህ ላይ ፈጸመው። የ«2001» ወጪ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን የዚህኛው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዩኒቨርሳል ኩባንያ በዚያ ወቅት ለወጣት ዳይሬክተሮች 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እየሰጠ በሥራቸው ጣልቃ የማይገባበት አሠራር ጀምሮ ነበር፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ ነፃነቱ ሰፊ።

በዚህ ገንዘብ የጠፈር መርከብ ውስጡን በእንጨትና በቆርቆሮ መገንባት አይታሰብም። ስለዚህ እውነተኛ መርከብ ተፈለገ። «ቫሊ ፎርጅ» የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ በኮሪያ ጦርነት ያገለገለች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከአገልግሎት ወጥታ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ቆማ ነበር። ኮሪደሮቿን፣ የብረት በሮቿንና ሰፊ መጋዘኖቿን ቀለም ቀብተውና አስተካክለው ቀረጹባት። በፊልሙ ውስጥ ያለችውም የጠፈር መርከብ ስሟን ወረሰች። ቀረጻው እንዳለቀ ብዙም ሳይቆይ እውነተኛዋ መርከብ ለብረት ተሸጠች። ደኑ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫን ናይስ ሠፈር አዲስ በተሠራ የአውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ነው የተተከለው። መጀመሪያ የታሰበው ሚልዋኪ ከተማ ያሉት የዕፅዋት ጉልላቶች ውስጥ ነበር፤ በጀቱ አልፈቀደም።

ብዙ ሰው በስህተት የሚያወራው በመርከቧ ላይ ከሎዌል ጋር ስለሚታዩት ሦስት ትናንሽ ሮቦቶች ነው። በሪሞት የሚነዱ ማሽኖች ይመስላሉ። እውነታው በውስጣቸው ሰው መኖሩ ነው። ትረምቡል እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣው «ፍሪክስ» ፊልም ላይ በእጆቹ የሚራመደውን ጆኒ ኤክን አይቶ ነበር። ሁለት እግራቸውን ያጡ አራት ተዋንያንን ቀጥሮ፣ ለሰውነታቸው ልክ ቀላል የፕላስቲክ ቅርፊት አሠራላቸው፤ እነርሱም በእጆቻቸው እየተራመዱ ተጫወቱ። ሮቦቶቹ ቆም ሲሉ፣ ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ፣ ካርታ ሲጫወቱ የሚታየው ነፍስ ያለው እንቅስቃሴ ከዚህ የመጣ ነው። እነዚህ ተዋንያን ፊታቸው ባይታይም፣ በእኔ እምነት ፊልሙን ከደርን እኩል የተሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ወደ ሞዴሏ እንምጣ። ከውጭ የምትታየው የጠፈር መርከብ ወደ 8 ሜትር የምትረዝም ሞዴል ናት፤ ሥራዋ ስድስት ወር ገደማ ወስዷል። በገጽታዋ ላይ ያለው ቱቦ፣ መሰላል፣ ሳጥንና ክዳን የተገኘው ልጆች ገጣጥመው ከሚጫወቱባቸው ወደ 650 የሚጠጉ የጀርመን ታንክ ሞዴሎች ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ጆን ዳይክስትራ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የ«ስታር ዋርስ»ን ልዩ ቅንብር የመራው እርሱ ነው።

ይህ ዘዴ እዚህም ይሠራል። ከሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች የሚገኝ የተበላሸ ቦርድ፣ ከቆራሌው የሚገዛ የፕሪንተር ሆድ ዕቃ፣ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይበቃል። ሥራው የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ተመልካች የሚያውቀው ዕቃ ሙሉውን ከተለጠፈ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ መቆራረጥና መገልበጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የተለያየ ፕላስቲክ የተለያየ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ሁሉም ነገር ከተለጠፈ በኋላ አንድ ወጥ የማያብለጨልጭ ግራጫ ቀለም ካልተነፋ የተለጣጠፈ መሆኑ ይታወቃል። ሦስተኛውና ዋናው መብራት ነው። ጠፈር ላይ ፀሐይ አንድ ናት፤ ስለዚህ አንድ ጠንካራ መብራት ከአንድ ጎን፣ ከኋላ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ። ሁለተኛ መብራት ከተጨመረ ሁለት ጥላ ይወጣና መርከቧ መጫወቻ ትሆናለች።

ካሜራው በጣም በዝግታ መሄድ አለበት። ፊትና ኋላዋ እኩል ጥርት ብሎ ካልታየም ትንሽ መሆኗ ይጋለጣል፤ የስልክ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ እዚህ ላይ ከትልቁ ካሜራ ይሻላል። ጭስ ወይም የሚወድቅ ነገር ካለ የቀረጻው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚነሳው ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብዛት፣ ሞዴሉ ባነሰበት እጥፍ ካሬ ሥር ልክ መጨመር አለበት፦ ሞዴሉ ከእውነተኛው በ16 እጥፍ ካነሰ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረው 96 ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ሲቀረጽ ደግሞ ርካሽ አምፖል ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። በባትሪ የሚሠራ መብራት ይህን ያስቀራል። የአዳማ ነፋስና አቧራ ስላለም ቤት ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

ተዋናዩን ከጉልላቱና ከጠፈሩ ጋር ለማዋሐድ የተጠቀሙበት መንገድ የፊት ፕሮጀክሽን ይባላል። ከካሜራው ፊት በ45 ዲግሪ ግማሽ የሚያሳልፍ መስታወት ይቆማል፤ ፕሮጀክተሩ ከጎን ሆኖ ምስሉን መስታወቱ ላይ ይልካል፤ ምስሉም በካሜራው የዕይታ መስመር ተዋናዩንና ከኋላው ያለውን ስክሪን ይመታል። ስክሪኑ በጥቃቅን የመስታወት ቅንጣቶች ስለተሸፈነ ብርሃኑን በመጣበት መስመር ይመልሰዋል። ተዋናዩ ላይ ያረፈው ግን ስለሚበተን አይታይም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው የሚያበሩት ምልክቶች በዚሁ መርህ ይሠራሉ። ለማረጋገጥ 20 ሜትር ያህል ርቆ ባትሪን ከዓይን አጠገብ አድርጎ አንድ የመንገድ ምልክት ላይ ማብራት ነው፤ ይደምቃል። ባትሪውን አንድ ሜትር ወደ ጎን ሲያርቁት ይደበዝዛል። ካሜራውና ፕሮጀክተሩ በጥቂት ሚሊሜትር ከተዛነፉም ተዋናዩ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ይወጣል።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ሳተርን ከፀሐይ ያላት ርቀት ከምድር 9.5 እጥፍ ገደማ ስለሆነ የሚደርሳት ብርሃን ለእኛ ከሚደርሰው ከ90 አንዱ እጅ ያህል ነው። የዕፅዋት ባለሙያ የሆነ ሰው ደኑ ለምን እንደሚጠወልግ እስኪገባው ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ የድርሰቱ ትልቅ ድክመት ነው። የጆአን ባኤዝ ዘፈኖችም አንዳንዱን ትዕይንት ያስረዝሙታል።

በእኛም ቋንቋ መንገዱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ «ክረምብስ» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሠርቷል፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ የጠፈር መርከብ ያለችበት። አዳማ ዙሪያ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ቦታ ሞልቷል፦ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች 136 ናቸው፤ ወደ መተሐራ ወረድ ሲሉ የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት አለ።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ስለ አንድ ፊልም ሲጽፍ ከተዋንያኑ ስም ቀጥሎ የት እንደተቀረጸ፣ ምስሉን ማን እንዳነሳው፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ቢጨምርልን እላለሁ። የ«ሳይለንት ረኒንግ» ካሜራ ሠራተኛ ቻርልስ ዊለር ነበር፤ ከዚህ ስም መጀመር ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ